ጫማ ካለበት ይታተማል

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ እኛ ታናናሾቻቸው ጋሼ ስንላቸው የኖርነው ታላቅ ወንድማችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። እናታችን ይነግሩን እንደነበረው፣ አፋቸውን የፈቱት እጅግ ዘግይተው ሲሆን፣ ከፈቱ በኋላ ግን የሚያስቆማቸው አልተገኘም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በኋላም በመድኃኒት ቅመማ ሙያ ሠልጥነው በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ከዚያው ባንኮኒ ጀርባ አልተነሡም። ልባቸው ግን ጽሑፍ ላይ ነበር። በወጣትነታቸው አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ጽፈው አሳታሚ ለአሳታሚ ቢዞሩ፣ አንደኛው ማን ያውቅዎታል ብሎ ሲያሰናብታቸው፣ ሌላው ደግሞ ገልጦ እንኳ ሳያየው መለሰላቸው፤ በዚህም ክፉኛ አዘኑ።

ከዕለታት አንድ ቀን የጨጓራ መድኃኒት ሊገዙ የመጡ የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የፋብሪካውን ወርኃዊ መጽሔት እንደሚያዘጋጁና ግማሽ ገጽ ባዶ እንደቀረባቸው ሲያማርሩ ጋሼ ሰምተው፣ አጭር ታሪክ ልስጥዎ አሏቸው። ሰውየውም «ጫማ ካለበት ይታተማል» ብለው የቀልዳቸውን ቢመልሱ፣ ጋሼ የምራቸውን ያዙት። ጫማው ጠቦት በሠርጉ ዕለት በካልሲ ስለ ዋለ ሙሽራ ጽፈው ወሰዱ፤ ወጣላቸውም። ስማቸውን ታትሞ ያዩበትን ቀን ከሠርጋቸው ቀን ያስበልጡት ነበር፤ ባለቤታቸው በተቀመጡበት ግን ይህን ተናግረው አያውቁም።

ባለቤታቸው የዚያው መጽሔት ታይፒስት ነበሩ። ታሪኩ ከቦታው ቢተርፍባቸው የመጨረሻውን አንቀጽ ቆርጠው አውጥተውት ኖሮ፣ ጋሼ ነገሩን እንዳወቁ ጦፈው ፋብሪካው ድረስ ቢሄዱ፣ «ታሪኩማ አልቋል፤ ያላለቁት እርስዎ ነዎት» የሚል መልስ ጠበቃቸው። ቤታቸው ገብተው ደጋግመው ሲያነቡት እውነትም የተሻለ ሆኖ አገኙት። በቀጣዩ ወር ተመልሰው ሄዱ፤ ያን ጊዜ ግን ለጠብ አልነበረም። በዓመቱ ተጋብተው አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆችን አፈሩ።

ከዚያ ወዲያ የማያንኳኩት በር አልነበረም። ለንብ አርቢዎች መጽሔት ንብ፣ ለሾፌሮች ማኅበር ጎማ፣ ለቁጠባ ማኅበር ቆጣቢ ባል እያስገቡ ጻፉ። ጓደኞቻቸው እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እያሉ ሲያላግጡባቸው፣ የተመረቁ ይመስል አሜን ይሏቸው ነበር። ኋላም ንብ ማርባት የሚወድ አንድ አርታኢ አንብቧቸው አፈላልጎ አገኛቸውና ሥራዎቻቸው ተሰብስበው በመጽሐፍ ወጡ። ወፍራም ረቂቅ ታቅፈው ለምክር የሚመጡ ወጣቶችን ሁሉ፣ ረቂቁን ከማየታቸው በፊት፣ የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት መጽሔት አለው ወይ ብለው ይጠይቁ ነበር።

ኩላሊታቸው ታምሞ ሆስፒታል በተኙ ጊዜም የክፍሉን ነርስ የጠየቁት ይህንኑ ነው። ነርሷም ኮሪደሩ ላይ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ በቀር ሌላ እንደሌላቸው፣ እሱም ለንጽሕና ትምህርት ብቻ እንደሆነ ብትነግራቸው፣ እንግዲያው እጅ መታጠብ አስገባበታለሁ አሏት። ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ሚስቱ እጁን ሳይታጠብ እጇን አላስጨብጥ ስላለችው ሽማግሌ ሴት ልጃቸውን ግማሽ ገጽ አስጻፉ፤ ሳላርመው አይለጠፍም ብለውም በማግስቱ አስነብበው አረሙት። በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ሌሊቱን ዐረፉ። ጠዋት አስከሬናቸውን ልንወስድ ስንሄድ፣ የሕሙማን ልብስ የለበሱ ሰዎች ሰሌዳው ሥር ቆመው እያነበቡ ሲስቁ አገኘናቸው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዕንባዋን ይዛ የቆየችው ልጃቸው ያለቀሰችው እዚያ ነው።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ዕድሜ ልካቸውን ደጅ ሲጠኑ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ፈጣሪ የእሱን ደጅ ሳያስጠናቸው ይክፈትላቸው፤ ነፍሳቸውንም በሰላም ያሳርፍልን። አሜን።