ከውጭ የተገጠመው መቀርቀሪያ

አናጺው ሽማግሌ ባልና ሚስት በማስታረቅ በሰፈሩ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ያስታረቋት ሴት ለምን ተመልሳ እንደምትመጣ ግን ጠይቀው አያውቁም። ያን ቀን ጠዋትም ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊዋን ወደ ባሏ ሊመልሱ እየተጣደፉ ሲሄዱ፣ ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። የእህታቸው ልጅ መርማሪ ፖሊስ ናት። ልብስ ሰፊዋ አንድ ዓይኗ አብጦ ከጎኗ ቆማለች።

"ልጄ፣ ይህን ነገር ለእኔ ተዪው። ባሏ እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቃታል" አሉ።

"ጋሼ፣ ፍርድ ቤቱ እሱ ከቤት ይውጣ፣ እሷና ልጆቿ ይቀመጡ ብሎ አዟል። እሱ ግን አልወጣም ብሎ ይኸው ደገማት። አሁን ልናስወጣው እየሄድን ነው።"

ሽማግሌው አልተዋጠላቸውም። ሰው ከገዛ ቤቱ እንዴት ይባረራል፣ ሕግስ ሰው ጓዳ ምን አስገባው፣ ትዳሩ ሲፈርስ ልጆቹን ማን ያሳድጋቸዋል እያሉ አከታተሉባት። መርማሪዋ ድምፅዋን ሳታነሳ መለሰች፤ ጓዳ ውስጥ ሰው ሲደበደብ ሕግ ደጅ ቆሞ አይጠብቅም፣ ትዳሩንም ያፈረሰው ዱላው እንጂ የከሰሰችው አይደለችም አለች። እውነቷን ነው። በሩ ድረስ የሚያደርሰው ሰው ካላገኘ ሕግ ለተደበደበች ሴት ምኗም አይደለም።

"ስንቷን ሴት መልሰዋል፣ ጋሼ? አንድ ቀን እንኳ ወንዱን ውጣ ብለውት ያውቃሉ?"

ይሄኔ ልብስ ሰፊዋ ተናገረች።

"አባባ፣ የመኝታ ክፍሌን መቀርቀሪያ ከውጭ የገጠሙት እርስዎ ነዎት። ባሌ ለሌባ ነው ብሎዎት ነበር። ደብድቦኝ ሲወጣ እየቀረቀረብኝ ነው የሚሄደው። ዛሬም ያመለጥኩት ትልቋ ልጄ ከፍታልኝ ነው። ወደ ቤቴ እገባለሁ፣ ወደ እሱ ግን አልመለስም።"

አናጺው መቀርቀሪያውን የገጠሙበት ቀን ትዝ አላቸው፤ ባልየው ከጎናቸው ቆሞ ሲያጫውታቸው፣ ሴትዮዋ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር። በራሳቸው አፈሩ። "መሣሪያዬን ይዤ ልምጣ" ብለው ተመለሱ።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲደርሱ መርማሪዋ ትእዛዙን ለባልየው አነበበችለት። እሱ ግን ሽማግሌውን ሲያይ ልቡ ሞላ። "አባባ፣ እንኳን መጡ። እስቲ ያስታርቁን" አላቸው።

እሳቸው መቀርቀሪያውን ከውጭ ነቅለው ከውስጥ እየገጠሙ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

"ዛሬ የመጣሁት ለአናጺነት ነው። ልብስህን ያዝና ውጣ።"

ወጣ። ከዚያ ወዲህ የልብስ ሰፊዋ ልጆች ሳይባንኑ ያድራሉ፣ የስፌት መኪናዋም ድምፅ እስከ መንገድ ይሰማል። ሌሎች ሴቶችም ይህን አይተው ጣቢያ መሄድ ጀመሩ፤ እጁን ለማንሳት የሚቃጣው ባልም ከቤት የሚወጣው እሱ መሆኑን ስላወቀ ቆም ብሎ ያስባል። ሽማግሌውን ቤት አፍራሽ እያሉ የሚያሟቸው አልጠፉም። እሳቸውም መልስ አላቸው።

"ያፈረስኩትስ እስር ቤት ነው" ይላሉ።