በመስኮት የወጣች ክራር

«ነይ እንጂ የሺዬ፣ ምን ዝናብ ላይ ያቆምሻል... ጀሪካኑንም ወደ ውስጥ ሳቢው። ንቦቹስ ደህና ከረሙ? እሰይ። የማንኪራ ንብ እኮ ደግ ነው። ነደፈ ቢባል እንኳ ፊት ለፊት መጥቶ፣ ድምፁን አሰምቶ ነው የሚነድፈው። የኛ ሰው ሁሉ እንደ ንብ ቢሆን ምን ነበረበት?»

የሺሃረግ ከማንኪራ ማር እያመጣች ቦንጋ ገበያ የምትሸጥ ሴት ናት። ዝናብ ሲይዛት ዙፋን ቤት መጠለል የቆየ ልማዷ ነው። ዙፋን ደግሞ የክራር ሠሪው የወልደሥላሴ ሚስት ናት። ባሏ ዋንዛ ጠርቦ፣ ቆዳ ወጥሮ ክራሩን ይሠራል፤ እሷ አውታር ትወጥራለች፣ ትቃኛለች፣ ከዚያም ወደ መንገዱ በተከፈተችው ሰፊ መስኮት ላይ ሰቅላ ትሸጣለች። ጨዋታ ስታውቅበት ለጉድ ነው።

ዛሬ ግን ጨዋታ ያማራት ለየሺሃረግ ብላ አልነበረም። ከጀርባዋ ካለው ስስ የጭቃ ግድግዳ ወዲያ፣ ባሏ በሚሠራበት ክፍል፣ የሠርጋቸው ሚዜ በዛብህ ተቀምጧል። በዛብህ ነጋዴ ነው። ከአምና ጀምሮ የወልደሥላሴን ክራሮች አዲስ አበባ ላለ አንድ ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ያስረክባል። ዛሬ የመጣው አዲስ ነገር ይዞ ነው፤ መደብሩ ከእንግዲህ የሚሠራው ክራር በሙሉ ለእኔ ብቻ ይሁን፣ የመስኮቱም ሽያጭ ይቁም ብሏል። ወልደሥላሴ እሺም እምቢም አላለም። ሰው ፊት «አይሆንም» ማለት ያልፈጠረበት ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ እንጨቱን በሞረድ ይሞርዳል። ዙፋን ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። እሺታ ለመሆን ጥቂት የቀረው ዝምታ ነው። እሺ ካለ ደግሞ ለሷ የሚተርፋት አውታር ወጥሮ መስጠት ብቻ ነው፤ የሚጫወትበትን ሰው ፊት ዳግመኛ አታይም። በዛብህን ገብታ እንዳትቆጣው ሚዜ ነው፤ ሚዜን ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው። አሽሙር ግን ማንም ነውር ብሎት አያውቅም።

«ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ... ስለ ሰው ደግነት። አንድ ሰው አሉ የሺዬ፤ ስማቸው ምን ያደርግልሻል። እንዴት ያሉ ሩቅ አሳቢ መሰሉሽ። እኔና ቢጤዎቼ የምናየው ከዚህች መስኮት እስከ ገበያው ድረስ ነው። እሳቸው ግን እዚህ ቁጭ ብለው አዲስ አበባን ያያሉ። ቅርቡ ነው ትንሽ የሚያስቸግራቸው... አፍንጫቸው ሥር ያለውን ለማየት መነጽር ሳያስፈልጋቸው አይቀርም፣ ምስኪን። ዓይን እኮ ክፉ በሽታ ነው።»

ከተዳረች ጀምሮ በዛብህን አንተ ስትለው የኖረች ሴት ናት። ዛሬ በአንቱታ ከፍ ከፍ አደረገችው። ወዲያ ማዶ ሞረዱ ክርር ክርር ይላል። ድምፅዋን ጨመር አደረገች።

«መደብሩን ብታዪው! በስልካቸው አሳይተውኛል። መስታወት በመስታወት ነው። ክራሮቹ በተርታ ተሰቅለው፣ ሁሉም አንድ ልክ... የእጅ ማስገቢያው ጠፍር አንድ ልክ፣ ቅኝቱ አንድ ልክ። የሰው ክንድ ጅማን ሲያልፍ አንድ ልክ ይሆናል መሰለኝ፤ እኔ ያልተማርኩ፣ በምን አውቄ? እኛ ዘንድ እንደምታውቂው ኋላ ቀር ነን። ክራር የፈለገ ሰው መጥቶ እዚህች በርጩማ ላይ ቁጭ ይላል። ግራ እጁን ይሰጠኛል፣ ጠፍሩን በሱ ልክ እቆርጣለሁ። ከዚያ የወደደውን ያንጎራጉርልኛል፣ በድምፁ እቃኝለታለሁ። ሲሄድ ስሙን ከነአባቱ ጠይቄ እመርቀዋለሁ፣ እሱም አሜን ይላል። አሜን ያልተባለበት ክራር አውታር ይበጥሳል ይሉ ነበር አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። መደብሩ ውስጥ ማነው የሚመርቀው ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። ጥበቃው ይሆናል... በር ላይ የሚቆመው እሱ አይደል?»

የሺሃረግ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ለማን እንደሚነገር አልገባትም፤ ለሳቅ ግን መግባት የግድ አይደለም።

«ትስቂያለሽ? ቆይ የቢታ ገነቶቹን ልንገርሽ። እዚያ ያሉ መዘምራን ክራር ፈለጉ። ጥሩ ክራር ያለው አዲስ አበባ ነው ብሎ አንድ አዋቂ ሰው መከራቸው። ሰው ልከው አስገዙ። ሲመለሱ መኪናው እዚሁ ቦንጋ ለምሳ ቆመ። ክራሯን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው፣ እዚያ ማዶ፣ ከመስኮቴ ትይዩ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። እኔም አየኋት... የወለዱትን ልጅ በሰው ጉያ ማየት እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ? ቀንበሯ ላይ፣ አውታሩ የሚጠመጠምበት እንጨት ላይ፣ አንዲት ጥቁር የእንጨት ዓይን አለች። ወልዴ በሷ ምክንያት እንጨቱን ሊጥለው ሲል፣ ተው ታምርባታለች ያልኩት እኔ ነኝ። ያቺው ዓይን ታየኛለች። ስሟ ግን ተቀይሯል፤ ገበቴዋ ላይ የመደብሩ ስም ተለጥፎባታል። ምን አልኳቸው መሰለሽ? እንኳን ደስ አላችሁ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? ድሮ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል ነበር። አሁን እንኳ አይጠማውም... የገዛ ውሃውን በላስቲክ አሽገው ከሩቅ ያመጡለታል።

«ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው መጡ፣ የምትጫወትባትን ልጅ ይዘው። ጠፍሩ ሰፍቷት ክራሯ ከእጇ እየሾለከች አስቸግራታለች። ለምን ለመደብሩ አትመልሷትም ብላቸው፣ ያን ሁሉ መንገድ አሉኝ። እኔም ልጅቷን በርጩማዬ ላይ አስቀምጬ ጠፍሩን ቆረጥኩላት። አዲስ አበባ ሂዱ ብሎ የመከራቸውን ሰው ማንነት አልጠየቅኩም። አንዳንድ ምክር አባቱ ባይታወቅ ይሻለዋል።»

ሞረዱ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረ፤ አሁን ግን ቀስ እያለ።

እውነቱን ለመናገር የበዛብህ ንግድ ክፉ ብቻ አልነበረም። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ ወደ መስኮቱ ዝር የሚል ሰው አይኖርም፤ መደብሩ ግን ክረምት ከበጋ ይረከባል። የወልደሥላሴም ወገብ እንደ ድሮው አይደለም፤ ገዢ ሲከራከር በየጊዜው ከሥራው መነሳቱ ይደክመዋል። ዙፋን ይህን ሁሉ ታውቃለች። ለመደብሩ መሸጡን አልጠላችም። የጠላችው «ብቻ» የምትለዋን ቃል ነው።

«ማር ቆራጭ እጁን ይልሳል... አይባልም የሺዬ? ይላስ እንጂ። ጭሱ ለብልቦታል፣ ንቡ ነድፎታል፣ ማን ይከለክለዋል? ግን ይኸው ማር ቆራጭ ቀፎውን ራሱ ተሸክሞ ቢነሳስ ምን ይባላል? አንቺን አንድ ሰው መጥቶ፣ ማንኪራ ላይ ማር መሸጥ ተይ፣ ጎረቤትሽ ማር ካማረው አዲስ አበባ ሄዶ ይግዛ ቢልሽ... ምን ትይዋለሽ? ዝም አልሽ? ልክ ነሽ። ትልቅ ሰው ዝም ይላል። እኔም ቤት አንድ ትልቅ ሰው አለ።»

ይቺኛዋ ለባሏ ነበረች። ሞረዱ ላይም አረፈችበት መሰለኝ፣ አንድ ጊዜ ጮኸ። የሺሃረግ አሁን ግድግዳውን በዓይኗ ጠየቀች። ዙፋን ግን ምንም እንዳላየች ሆና የአውታር ጥቅል ጭኗ ላይ ትፈታለች።

«ኧረ ዋናውን ሳልነግርሽ! ቅዳሜ ዕለት ምን የመሰለች ልጅ መጣችልኝ መሰለሽ፣ ከሺሺንዳ። ይዛት የመጣችው አክስቷ ናት፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ። ያን ቀን ደግሞ ፀሐይ ነበር... ጉንፋን ይዟት ይሆናል አልኩ። አባቷስ ብላት፣ ሩቅ አገር ነው አለችኝ። ልጅቷ በርጩማዋ ላይ ጉብ አለችና፣ ማንም ሳይነግራት ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? አባዬ እትዬ ዙፋን ራሳቸው ይለኩሽ ብሏል፣ የመደብሩን ክራር አልገዛልሽም፣ እሱ ለሰው ነው ብሏል... አለችኝ። አክስትየዋን ሳል ያዛት። የምሬን ነው የምልሽ፣ ጉንፋኑ ከባድ ነበር።»

ከግድግዳው ወዲያ አንድ ብርጭቆ ወድቆ ተንከባለለ።

«ምንም አይደል፣ አትደንግጪ፣ አይጥ ነው። እዚያ ክፍል አይጥ አይጠፋም። እና ያን አባት ወደድኩት የሺዬ። እውነቴን ነው! ለልጁ የሚያስብ አባት እኮ ብርቅ ነው፤ የሌላው ሰው ልጅ ደግሞ የራሱን አባት ይፈልግ። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ሲባል ነበር የምሰማው፤ ሩቅ አሳቢ ቅርብ ገዢም አለ ለካ... ብቻ ልጅቷ ስታንጎራጉር ብትሰሚያት ታለቅሺ ነበር። ቃኘሁላት። ልመርቃት ስል ስሟን ከነአባቷ ጠየቅኳት። አክስትየዋ ሌላ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቀደመቻት፤ ጥርት ባለ ድምፅ ነገረችኝ። መረቅኳት፣ አሜን ብላ ጮኸች፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት። ስሙ ግን፣ ተመልከቺ... አሁን ጠፋኝ። እርጅና መጣ የሺዬ። ተይው፣ ራሱ ይመጣል።»

ዝናቡ አባራ። የሥራ ክፍሉ በር ተከፈተና በዛብህ ወጣ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል፤ የስልኩ መብራት ግን ጠፍቷል፣ ማንም እያናገረው አልነበረም። ወልደሥላሴ በጨርቅ የተጠቀለሉ ክራሮች አቅፎ ተከተለው። ክራሮቹን ደጃፉ ላይ ለቆመው ባጃጅ አቀበለና ተመለሰ። ከዚያ ሚስቱን ሳያይ፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለችውን አንዲት ክራር ለማውረድ እጁን ዘረጋ። ዙፋን ገባት። እሺ ብሏል ማለት ነው። ቢሆንም ፈገግታዋ አልደበዘዘም፤ ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ልትሄድ ነው ሚዜዬ? ሳልመርቅህማ አትሄድም። ሚዜ እንደ ወንድም ነው፣ በባዶው አይሸኝም። እኔ ደግሞ ስመርቅ በስም ነው፣ ታውቀዋለህ... ያ የጠፋኝ ስም አሁን መጣልኝ አይገርምህም? ዝማሬ። ዝማሬ ትደግልህ።»

የወልደሥላሴ እጅ ክራሯ ላይ እንዳለ ቀረ። ሺሺንዳ ድረስ ሄዶ የበዛብህን ልጅ የዝማሬን ክርስትና የበላው እሱ ነው፤ ያን ጊዜ ዙፋን ታማ ቀርታ ልጅቷን አላየቻትም ነበር። ሚዜውን አየው። በዛብህ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ኪሱን ፈለገ፣ ኪሱም ጠፋው። ወልደሥላሴ ክራሯን አላወረዳትም። ሚስማሯ ላይ አስተካክሎ ሰቀላት፣ አቧራዋን በእጅጌው ጠረገላት፣ የመስኮቱንም መዝጊያ እስከ መጨረሻው ከፍቶ በድጋፉ አቆመውና ወደ ሞረዱ ተመለሰ። እንደሱ ላለ ሰው ይህ ረጅም ንግግር ነው።

የሺሃረግ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። ለመውጣት ጀሪካኗን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ዙፋን ሁለት እጆቿን ዘርግታ ምርቃቷን ቀጠለች፤ ድምፅዋ እንደ ማር ሆነ።

«ጠፍሯ አይላላባት፣ ድምፅዋ አይሰበር። አንተም አገር የሚያውቅህ ነጋዴ ሁን። መደብርህ ይስፋ፣ መስታወቱ ይብዛ፣ ፊትህን ባየህበት ቁጥር ደስ ይበልህ። የልጅ ልጅም ያሳይህ። እነሱም አድገው ክራር ሲያምራቸው፣ ማንም ሳይከናነብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንተው እጃቸውን ይዘህ ወደዚህች መስኮት አምጣልኝ... ክፍት ሆና ትጠብቅሃለች። በል እንግዲህ ሚዜዬ፣ ያለ አሜን ምርቃት አይያዝም። ልጅህ እንዳለችው አድርገህ፣ መንገደኛው እንዲሰማ... ጮክ ብለህ አሜን በል።»