ላምቤቦ ጋ ለመድረስ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ እገሌ ታሟል ከተባለ ሰው ብድግ ብሎ ይሄዳል፣ በቃ። መንገዱ ለእግር ነው፣ ከደከመህ ያገኘኸው ቤት ገብተህ ውሃ ትጠይቃለህ። እዚህ ጆበርግ ግን… እስቲ ስሙኝማ፣ የላምቤቦን ነገር ላጫውታችሁ።

ላምቤቦን እናንተ አታውቁትም። የሆሳዕና ልጅ ነው፣ አብሮ አደጌ፣ ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ፣ ያው የሰፈር ትንሽ ሱቅ፣ ነበረው። ታዲያ አንድ ቀን እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ባንኮኒው ኋላ ወደቀ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉ፣ እና በደቡብ በኩል ያለው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል አስገቡት። እሁድ ሄጄ አየሁት። ያ ሁሉ አማርኛው፣ ያ ደንበኛ የሚያስቅበት ዙሉው፣ ሁሉም ከአፉ ጠፍቶ ሀዲይኛ ብቻ ቀርቶለታል። የእናቱ ቋንቋ ብቻ፣ ይታያችሁ። እጄን ይዞ "አትራቀኝ" አለኝ። "ኧረ የት እሄዳለሁ" አልኩት።

ታዲያ በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ነርሷ ደወለች። "አባት፣ ወንድምህ ያወራል፣ ያወራል፣ አንዳችም አልገባንም፣ ደክሟልም፣ ቶሎ ና።" "በስልኩ አገናኚኝ" ብላት፣ "ስልኩ የሕሙማን ክፍሉ ነው፣ አልጋው ጋ አይደርስም" አለች። የእሱ ስልክ እንደሆነ የወደቀ ዕለት ጠፍቷል።

— ሌላ ሀዲይኛ የሚችል ሰው በቅርብ አልነበረም፣ ጋሼ?

አንድ የአገራችን ልጅ ነበረ እንጂ! ደወልኩለት እኮ። "ጋሼ፣ ዛሬ ታክሲ አድማ ላይ ነው፣ መንገዱም ተዘግቷል፣ እኔም ከዚህ መንቀሳቀስ አልቻልኩም" አለኝ። እኔ አላመንኩም። ከምኖርበት ከኮዝሞ ሲቲ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆምኩ፣ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ፣ መሃል ከተማ እሄዳለሁ ማለት ነው፣ ቆምኩ፣ ቆምኩ፣ አንድም ታክሲ የለም። ጎረቤቴ አዝኖልኝ በስልክ የሚጠራውን መኪና ጠራልኝ። እግዜር ይስጠው፣ መጣ፣ ገባሁ፣ ገና ትንሽ እንደሄድን መንገድ የዘጉ የታክሲ አድመኞች አስቆሙን። አንዱ ጅራፍ ይዟል። "ዛሬ ማንም ሰው አይጭንም! ማዳላ፣ ውረድ!" ሽማግሌው ማለቱ ነው። "ልጄ፣ ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው" አልኩት። ትንሽ አየኝና፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "የእኔም እናት ዛሬ ክሊኒክ ቀጠሮ ነበራት፣ ቀርታለች። ውረድ።" ወረድኩ።

እና በእግሬ ተያያዝኩት። ክረምታቸው ነው፣ የእነሱ ክረምት ደረቅ ብርድ ነው፣ ዝናብ ከጠፋ ወራት ሆኖታል፣ ሣሩ ተቃጥሎ ጠቁሯል፣ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል። የእግረኛ መንገድ አለ ስትል ያልቅና አስፋልቱ ላይ ይጥልሃል። ከዚያ ግንብ ነው፣ ግንብ፣ በላዩ ኤሌክትሪክ የተዘረጋበት ግንብ፣ ውሃ የምትጠይቅበት በር የለም። መኪናው ይከንፋል። እጄን ሳነሳ መስኮቱን ይዘጋል፣ ፈርቶ ነው። እኔን! እኔን ፈርቶ! እዚያ መሃል ደክሞኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ አለቀስኩ።

በኋላ ጡብ የጫነ አይሱዙ ቆመልኝ። ሰውየው በዙሉ ሰላም ብሎ "ሳውቦና ባባ፣ ወዴት ነው?" አለኝ። እስከ ፎርድስበርግ፣ መሃል ከተማው አጠገብ ነው፣ ጡቡ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ እንደገና በእግር። ሆስፒታሉ በር ስደርስ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው፣ ዘበኛው "የጥየቃ ሰዓት አልፏል" አለ። ጫማዬን አየና፣ አቧራዬን አየና፣ "በል ግባ፣ ማዳላ" አለኝ።

ገባሁ። አልጋው ባዶ ነው። ሴትዮዋ ፍራሹን በጨርቅ ትጠርጋለች።

ነርሷ መጣች፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። "ከሰዓት በኋላ ነው" አለችኝ። "ምን አለ? ያው የሰማሽውን ንገሪኝ፣ ግዴለም፣ እንዳመጣልሽ ንገሪኝ" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። "ብዙ ነው ያወራው አባት፣ ረጅም ነገር ነው። አንዱም አልተያዘልኝም።"

ሚስቱ አበበች አገር ቤት ናት። መርዶው ደርሷት ማታውን ደወለች። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ "ምን ብሎ ሞተ?" አለችኝ። "አልደረስኩበትም" አልኳት። "አንድ ከተማ ውስጥ አይደላችሁም እንዴ?" አለችኝ።

ስለ ታክሲው ልነግራት ጀመርኩና ተውኩት። ምን ብዬ ላስረዳት? "አዎ አበበች፣ አንድ ከተማ ውስጥ ነን" አልኳት።

— እሷስ ምን አለች፣ ጋሼ?

ምን ትላለች። ስልኩን ዘጋችው።