ሁለቱ ገመዶች እኩል አይካፈሉም

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራ አስኪያጃችን ቴን ዮቴባ፣ የኃይል ማመንጫችን ባልደረቦች፣ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ይህን ያህል ዓሣ አቅርባችሁልኝ አታውቁም። መሄዴ እንዲህ አስደስቷችኋል ማለት ነው?

ይህን ወረቀት አያችሁት? ሦስት ገጽ ነው፤ የጻፍኩት በገዛ እጄ። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ገና ሰባት ወሬ ነው! ቴን ካይብዋ፣ አንተ ዐሥር ዓመት ተምረህ ፊርማህ አሁንም ሸርጣን የሄደበት አሸዋ ይመስላል። ሳቁ፣ ሳቁ። ቆይቶ አትስቁም።

የዛሬ ዐሥራ ስምንት ዓመት የበረዶ ፋብሪካው ማሽኖች ከሦስት ወደ ስድስት ሲያድጉ ከዚህ ኤሌክትሪክ የሚወስድለት አንዱ ገመድ አልበቃ አለ። ሁለተኛ ዘረጋሁና እዚህ ማመንጫው የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ፣ እዚያም ፋብሪካው በር ላይ አጣመርኳቸው። አንዱ በአቋራጭ፣ በትምህርት ቤቱ ወለል ሥር ያልፋል። ሌላው በባሕሩ ዳር ይዞራል፤ ርዝመቱ እጥፍ ነው። ፋብሪካው የሚፈልገው መቶ ሃምሳ አምፔር፣ እያንዳንዱ ገመድ የሚችለው ሰማንያ። «ሰባ አምስት፣ ሰባ አምስት ይካፈላሉ፤ አለቀ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ለምን እንዲህ አልኩ? በማኔያባ፣ በመሰብሰቢያ ቤታችን፣ ዓሣ ሲከፋፈል ከድስቱ ርቆ የተቀመጠ ቤተሰብ ድርሻው ያንስበታል? አያንስበትም! ኤሌክትሪክም እንደኛ ጨዋ መሰለኝ።

አይደለም። መንገዱ ለሁለት ሲከፈልበት በሁለቱም ይሄዳል፤ የሚበዛው ግን በሚቀለው ነው። እጥፍ የረዘመው የሚያገኘው የአጭሩን ግማሽ ነው። አጭሩ መቶ፣ ረጅሙ ሃምሳ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ! በዚያ ላይ ጨው የባሕር ዳሩን መገጣጠሚያ በላው፤ እሱ በደከመ ቁጥር ሸክሙ ወደ አጭሩ ዞረ። እኔ የምለካው ድምሩን ብቻ ነበር። ድምሩ ደግሞ ሁልጊዜ ልክ ነው።

አስተማሪዬ ኔይ ቴቡሬያ ባለፈው ሳምንት «ከሥራ ቦታችሁ ጽሑፍ ገልብጣችሁ አምጡ» አለችን። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን ገልብጬ ሄድኩና ቆሜ አነበብኩ፦ «ርዝመታቸው… የተለያየ… ገመዶችን… አታጣምር።» ክፍሉ አጨበጨበልኝ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ያንን ክዳን ስንት ጊዜ ከፍቼ ዘግቻለሁ?

«ምነው፣ አባባ?» አለችኝ። ነገርኳት። ቀን ቀን ሕፃናት የምታስተምረው ገመዱ በወለሉ ሥር በሚያልፍበት በዚያው ትምህርት ቤት ነው።

«የሁለተኛ ክፍል ጥግ ወለሉ ሁልጊዜ ይሞቃል» አለች። «ዝናብ ሲሆን ልጆቹ ይሻሙበታል።»

በማግስቱ አብረን ምንጣፉን አነሣነው። ከሥሩ ጠቁሯል። አጭሩን ገመድ ለካሁት፤ መቶ ሃያ።

ቴን ዮቴባ፣ እርስዎ ዘንድ ሮጬ መጣሁ። «አዲስ ገመድ በመርከብ እስኪመጣ ሁለት ወር ነው፤ እስከዚያ አትነካካው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ምን ሆነ?» አሉኝ።

ምንም አልሆነም፣ ጌታዬ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ግን ደረቅ ቅጠል ነው።

ስለዚህ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ከፋብሪካው ስድስት ማሽኖች ሦስቱን አጥፍቼ ቆልፌያቸዋለሁ። አትነሡ፤ ዓሣችሁን ብሉ! ነገ በረዶ ግማሽ ነው። አጥማጆቹ ይሰድቡኛል፤ የገዛ ወንድሜ ከሁሉ አስቀድሞ። ይስደቡኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ደግሞም ሊያባርረኝ የሚችል የለም፤ እየተሸኘሁ አይደል?

ቁልፉ ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ። ማንሣት የሚፈልግ ያንሣ። መጀመሪያ ግን ጫማውን አውልቆ እዚያ የሁለተኛ ክፍል ጥግ ላይ ይቁም፤ በእግሩ ይስማው።

በሉ ደኅና ሁኑ። ጤናና ሰላም ከቤታችሁ አይራቅ። እጃችሁ ከእሳት፣ ጀልባችሁ ከማዕበል ይዳን። ልጆቻችሁ የሚቀመጡበት ወለል ይቀዝቅዝ።