የራህመት አማች ቼሎ ይጫወታል

ነይ ራህመት፣ እዚህ ጥላው ላይ አረፍ በይ። ከደሴ ቆቦ ድረስ በአውቶብስ መንገላታት ቀላል ነው? ውሃ ላምጣልሽ? ዘንድሮ እንኳ ውሃው አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ማሽላውንም በጎብዬ ስታልፊ አይተሽዋል፣ ቁመቱ ሰው ይሰውራል። የሚሰወረው ሰው ነው ያነሰው...

ታዲያ ልጅሽ ኡሙልኸይር ተጠየቀች አሉ። ማሻአላህ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው? እኔ ኡሙሰልማ ስለ ሰው ክፉ እንደማላወራ ታውቂያለሽ። ደግሞስ ስለሱ ምን ክፉ ይገኛል?

ከእናቱ ከዓሊማ ጋር፣ አላህ ይርሐማት፣ ሠላሳ ዓመት አጥር ተጋርተን ኖረናል። ባሏ ሲሞት እሱ ገና ይድህ ነበር። የሰው ማሽላ አርማ፣ እንጨት ለቅማ፣ ደሴ ልካ አስተማረችው። ከዚያ አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቡልጋሪያ። ሰባት ዓመት ተምሮ ምን ሆኖ መጣ መሰለሽ? ቼሎ ተጫዋች። ማሲንቆ መስሎሽ እንዳትንቂው። ሰው የሚያክል ነው፣ በጉልበት መሐል አቁመው በደጋን የሚገዘግዙት። ማሲንቆማ እዚሁ ይማሩታል፣ ቡልጋሪያ ምን ያስኬዳል?

ሲመለስ አዲስ አበባ የትልልቅ ሰዎች ልጆች አስተማሪ ሆነ። ታጋሽ ነው ይላሉ። አንዲት ተማሪው እጇን ቢያማት ቤቷ ድረስ ሄዶ ጠየቃት አሉ። አንጀቱ አይችልም...

በስልሳ አምስት ዝናቡ ሲቀር ዓሊማ የዚህን ትምህርት ቤት መምህር፣ አስፋውን፣ ለልጇ ደብዳቤ አስጻፈችው። አጠገቧ ነበርኩ። «ማሽላው ደርቋል፣ በሬዎቹ አልቀዋል፣ መጥተህ ውሰደኝ» ነው ያለችው። መልሱ ቶሎ መጣ። ሥራ የሚበዛበት ሰው እንዲህ ሲፈጥን አይተሽ ታውቂያለሽ? ፎቶግራፉን ላከላት። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ቼሎውን አቅፎ። ከጀርባው፣ «ትልቅ ዝግጅት ስላለብኝ እየተለማመድኩ ነው፤ እሱ ሲያልፍ እመጣለሁ» ይላል። ሁለተኛም አስጻፈች፣ ሦስተኛም አስጻፈች... በልምምድ መሐል ደብዳቤ የሚያነብ አለ እንዴ?

ዓሊማ ግን ኮራች። መንገድ ዳር፣ የእህል መኪና ከሚጠብቀው ሕዝብ መሐል ተቀምጣ ፎቶውን ታሳይ ነበር። «ልጄ ነው» ትላለች። ያለችኝን ቂጣ ሳካፍላት እንኳ በአንድ እጇ ፎቶውን እንደያዘች ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ያላት ሴት ምን ይጎድላታል? ኅዳር ላይ አረፈች። ያጠብናት እኔና ጎረቤታችን መይሙና ነን። አላስቸገረችንም፣ እንደ ሕፃን ቀልላ ነበር...

እሱም እንዳለው መጣ። ዝግጅቱ እንዳለፈ፣ በጥር። እህል በጫነ መኪና፣ ቼሎውን ከሹፌሩ አጠገብ አስቀምጦ፣ ራሱ ዳር ላይ ቁጢጥ ብሎ። ወዲያው ወንበር አስመጥቶ መቃብሯ ላይ ተጫወተላት። ቁርኣን የሚቀራላት ጠፍቶ አልነበረም፣ ሼህ በድረዲን እዚያው ቆመዋል። ግን ቡልጋሪያ የተማረ ሰው እያለ ሼህ ይቀድማል? ቼሎውን አቧራ እንዳይነካው ኩታዬን ለመነኝ፣ አነጠፍኩለት። እንባው ይወርድ ነበር፣ አልዋሽም።

ከዚያ ደግሞ አስተማሪነቱ አላስቀምጥ አለው። የተረፉትን ልጆች እጅ እየያዘ ጣታቸውን አየ። «ለዚህ ሥራ ረጅም ጣት ያስፈልጋል» አለ። ያን ዓመት ጣቱ ያልረዘመ ማን ነበር?

ኋላም ስለ እናቱ ዜማ ደርሶ፣ አዲስ አበባ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተጫወተው አሉ። ሹማምንቱ መሐረብ አውጥተው አለቀሱ። እኛ ጎረቤቶቿማ የማልቀሻ አቅም ከየት አምጥተን? እነሱ በልተው ስለመጡ አለቀሱላት... አላህ ይስጣቸው።

እንግዲህ ልጅሽን ስጪው አልልሽም፣ አትስጪውም አልልሽም። አንቺም ባልሽ ከሞተ ወዲህ ብቻሽን ነሽ፣ ሌላ ልጅ የለሽ፣ ነገ ጧሪሽ እሱ ነው። አላህ ትዳራቸውን ያሳምረው፣ የልጅ ልጅ ያሳይሽ። አንቺንም ራህመትዬ... እንደ እናቱ ይይሽ።