ቤት ሊያይ የመጣ ሰው የሚያየውና የማያየው

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ውሃልክ በራሳቸው ቤት ደጃፍ በካልሲ ብቻ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ውሃልክ፣ የአናጢው የማስተካከያ መሣሪያ፣ የወጣላቸው ስም ነው። አርባ ዓመት አናጢ ሆነው ሲሠሩ አንዲት ጠማማ በር ከእጃቸው ስላልወጣች ሰፈሩ እንዲያ ብሎ ጠራቸው፤ እሳቸውም እንደ ሹመት ተቀበሉት። እንዲህ ያለ ሰው ያለ ጫማ ደጅ ተቀምጦ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ለእኔ ለጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር አይሆንልኝም። የሰው ጉዳይ ውስጥ መግባት እወዳለሁ፤ ይህንን ባለቤቴም ተማሪዎቼም ሲነግሩኝ ኖረዋል።

«ምነው ጋሼ፣ በደህና ነው?» አልኳቸው።

«ተባረርኩ፣ መምህር።»

«ከየት?»

«ከመኝታ ቤቴ። ጫማዬም እዚያው ቀርቷል። ሌሊቱን ሶፋ ላይ ስገላበጥ ነው ያደርኩት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣራው የሠሩት ራሳቸው ናቸው። መኝታ ክፍሎቹ ፎቅ ላይ ናቸው፤ የባለቤታቸው ጉልበት ደግሞ ደረጃ እንቢ ካለ ዓመት አለፈው። ሲስተር፣ ሠላሳ ዓመት በነርስነት ስላገለገሉ ሁላችንም የምንጠራቸው እንደዚያ ነው፣ ፀሐይ መሞቅ ሲያምራቸው ጋሽ ውሃልክ ተሸክመው ያወርዷቸዋል። ተሸካሚው ራሳቸው ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ስለዚህ ቤቱ ተሽጦ ደረጃ የሌለው ቤት እንዲገዛ ተወሰነ። ገዢዎች አንድ በአንድ መጡ፤ አንድ በአንድም ቀሩ። ትናንት የመጨረሻዋ ከወጣች በኋላ ሲስተር «ከእንግዲህ እዚህ ቤት ማንም አይገባም» ብለው በራቸውን ከውስጥ ቆለፉ።

ይህንን እያወራን ሳለ የጋሽ ውሃልክ የእህት ልጅ ቦርሳዋን አንግታ መጣች። የቤት ሽያጭ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ የተማረች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌሎች ገዢዎች ቀጥራለች። ካልሲያቸውን አየችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ትናንት ምን ተፈጠረ?»

«ምን ይፈጠራል? ቤት አሳየሁ። ሴትየዋ ቁምሳጥኑን አየት አድርጋ ልታልፍ ስትል፣ ቆይ እንጂ አልኳት። መሳቢያውን ስቤ አሳየኋት። አንዲት ሚስማር የለበትም ልጄ፤ እንጨት በእንጨት ነው የተጋጠመው። በአንድ ጣት ነው የሚሳበው።»

«ውስጡስ?»

ጋሽ ውሃልክ አንገታቸውን ደፉ። «የእሷ ዕቃ ነበር። የሕመሟ። ሴትየዋ ብድግ አድርጋ ይሄ ምንድን ነው ስትለኝ ደንገጥ ብዬ... አስረዳኋት። ሲስተር አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች። ዕቃው እንኳ፣ መምህር፣ ባለፈው ዓመት ስትታመም...»

«ጋሼ፣» አለች ልጅቱ እጃቸውን ያዝ አድርጋ፣ «መምህሩ ይህንን ማወቅ አያስፈልጋቸውም።»

እውነቱን ልናገር፤ ከፋኝ። ግድግዳ ለግድግዳ ተዋስኜ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ምንም ዓይነት ሕመም እንዳለ አልሰማሁም። ዛሬም ዕቃው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አንባቢም አይጠይቀኝ። ልጅቱ ያን ጊዜ የመለሰችን ሁለታችንንም ነው።

«እንግዲህ ቤት የሚሸጥ ሰው ምን ይደብቃል?» አሉ ጋሽ ውሃልክ ቆጣ ብለው። «የሚደብቅ ሰው ስንጥቅ ያለበት ሰው ነው። እኔ ግን ምንም ስንጥቅ የለብኝም። ከጣራው ጀምሮ እስከ ሽንት ቤቱ ቱቦ ድረስ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስጎብኝቻቸዋለሁ።»

«ለዚህ ነው የሚሸሹት» አለች። «ባልና ሚስት ቤት ሊያዩ መጥተው ብቻቸውን መመካከር አለባቸው። አልጋው የት ይሁን፣ ልጁ የት ይተኛ፣ ቀለሙ አስጠልቶኛል፣ ይባባላሉ። እርስዎ አጠገባቸው ቆመው እንዴት ይበሉት? ያለፉትን ሰዎች በሩን በየስንት ጊዜው ዘይት እንደሚቀቡት ጠይቀዋቸው አልነበር?»

«ጠየቅኳ። በሬን ለማን እንደምሰጥ ልወቅ እንጂ።»

«እነሱም መልሱን ስላላወቁት አፍረው ቀሩ። ቤቱን ይዩ፣ ጋሼ። ግድግዳውን፣ ውሃውን፣ መብራቱን፣ ስንጥቅ ካለም ስንጥቁን ይዩ፤ የቤቱን ጉድለት መደበቅ ማታለል ነው። የእናንተ ኑሮ ግን ለሽያጭ አልቀረበም። መድኃኒት፣ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የሐኪም ወረቀት አስቀድሞ ተሰብስቦ ይቆለፍበታል።»

«ቁልፍማ ሌባ ላለበት ቤት ነው።»

ልጅቱም እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው፤ ጥያቄዋን እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ።

«ጋሼ፣ መኝታ ቤት በር ሲሠሩ የቁልፉ ቀዳዳ ላይ የሚያደርጓት ትንሽ ክዳን አለች አይደል? ለምንድን ነው?»

«ሰው አጮልቆ እንዳያይ ነዋ» አሉ ኮራ ብለው። «በዚህ ከተማ እሷን የማደርግ አናጢ እኔ ብቻ ነኝ። አንዴ ሚኒስትር ነኝ ያለ ሰው ቸኩያለሁ፣ ሳታደርግ ስጠኝ ቢለኝ፣ ያለ ክዳኑ በር አላስረክብም ብዬ መልሼዋለሁ።»

«ለማያውቁት ሰው ሁሉ የቁልፍ ቀዳዳ ሲከድኑ ኖረው፣ የሲስተርን መሳቢያ ለማያውቋት ሴት ከፈቱላት።»

ጋሽ ውሃልክ እንደገና አንገታቸውን ደፉ። እኔም አብሬ ተሸማቀቅሁ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ይህን የአሁኑን ቤቴን ልገዛ ስመጣ የባለቤቲቱን ፍሪጅ ከፍቼ አይቻለሁ። ፍሪጁ ለሽያጭ አልቀረበም ነበር። ሴትየዋ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ «ሰፊ ነው» ብዬ ዘጋሁት። የገዢ ነውር ከሻጭ ነውር አያንስም፤ ያልተፈቀደለትን የሚከፍት፣ ሳይጠይቅ ፎቶ የሚያነሳ፣ ገና ከግቢው ሳይወጣ የሰውን ቤት የሚያጣጥል ስንቱ ነው።

«እኔ ቆሜ ካልነገርኳቸው ግን ሥራዬን በምን ያውቃሉ?» አሉ ጋሽ ውሃልክ በመጨረሻ። የእሳቸው ጭንቀት ይኼው ነበር።

«በሩን ከፍተው ሲዘጉት ያውቃሉ» አለች።

ብድግ አሉ። የሥራ ሳጥናቸውን አንስተው ፎቅ ወጡ፤ እኛ ታች ቀረን፤ ቢሆንም ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

«እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ። መሳቢያሽ ላይ ቁልፍ ልሥራበት፤ ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አንቺ ጋ ይሆናል።»

ቀጥሎ የሲስተር ድምፅ መጣ፤ «አንተስ ብትፈልገው?»

«አንቺን እጠይቃለሁ።»

በሩ ሲከፈት ሰማን። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ እንዲያ ነበር የሠሩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባልና ሚስቱ ገዢዎች መጡ። ጋሽ ውሃልክ ሲስተርን ተሸክመው አምጥተዋቸው ሁለቱም እኔ ቤት ሳሎን ተቀምጠዋል። ጋሽ ውሃልክ አሥር ጊዜ ተነሡ፣ አሥር ጊዜ ሲስተር በዓይናቸው አስቀመጧቸው። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ልጅቱ መጣችና ለሲስተር ጎንበስ ብላ፣ «እትዬ፣ ቁምሳጥኑ ከግድግዳው ጋር ስለተሠራ ከቤቱ ጋር የሚቀር ነው። ውስጡን ለማየት ይፈቀድልን እንደሆነ ጠይቂልን ብለውኛል» አለች።

ሲስተር ቀና አሉ። እኔ ቤት ከመጡ ወዲህ ፊታቸው ሲፈታ ያኔ ገና አየሁት። «ጠየቁ?» አሉ።

«ጠየቁ።»

«እንግዲያው ዛሬ አይሆንም በያቸው። ዕቃዬን አውጥቼ ስጨርስ፣ እኔ ራሴ ከፍቼ አሳያቸዋለሁ።»

እኔ ሽያጩ አበቃ ብዬ ነበር። ልጅቱ ሄዳ መልሱን ነግራ ስትመለስ ግን ፈገግ ብላለች። እንደነገረችን ሰውየው «ልክ ናቸው» ካለ በኋላ የዚያኛውን ቤት ሳሎን በር ከፍቶ ዘጋ፣ ደግሞም ከፈተና ዘጋ፣ ሠሪው ማን እንደሆነም ጠየቀ። ሰኞ ሊፈርሙ ተቀጣጠሩ። ጋሽ ውሃልክ ዓይናቸውን ለመጥረግ መሐረብ ፈልገው ስላጡ የእኔን የጠረጴዛ ልብስ ጫፍ ተጠቀሙ፤ ይቅር ብያቸዋለሁ።

ይህንን የጻፍኩት ቤት የሚሸጥም የሚገዛም እንዲያነበው ነው። ሻጭ ክብሩን ቆልፎ ቤቱን ቢከፍት፣ ገዢው ሳይሸማቀቅ አይቶ ሳይጸጸት ይገዛል። ገዢም ጠይቆ ቢያይ፣ ነገ እሱ ራሱ ሲሸጥ ምን ዓይነት እንግዳ እንደሚመኝ ያውቃል። ታማሚ፣ አራስ፣ ሐዘንተኛ ባለበት ቤት ደግሞ ይህ ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ሰውን ከመሰበር ማዳን ነው።

ከሁለት ወር በኋላ አዲሱን ቤታቸውን ልጠይቅ ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ሲስተር ናቸው፤ ከመኝታ ቤታቸው እስከ ደጅ በሁለት እግራቸው መጥተው፣ ማንም ሳይሸከማቸው። ጋሽ ውሃልክ ከኋላቸው ቆመው ነበር። ሳሎኑን አስጎበኙኝ፣ ወጥ ቤቱን አስጎበኙኝ፣ ግቢውን አስጎበኙኝ። አንድ የተዘጋ በር ጋ ስንደርስ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ቆሙ።

«ይሄ የእሷ ክፍል ነው፣ መምህር» አሉኝ። «እሱን አላሳይዎትም።»