ያጨበጨብንለት ኦቨርፓስ

ከልደታ ወደ ሜክሲኮ በሚሄደው ውይይት ታክሲ ውስጥ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለውን ጎልማሳ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ትናንት የቀበሌው ስብሰባ ላይ ያጨበጨብንለት ኦቨርፓስ ግን ምንድን ነው?»

«ከመኪና መንገድ በላይ የሚያልፍ ድልድይ ነው፣ እማማ።»

«ወንዝ ሳይኖር?»

«ወንዙ መኪናው ነው።»

«በሰፈራችን የሚያልፈው የቀበሌው ሊቀመንበር መኪና ብቻ አይደል?»

«እንግዲህ ሰፊው ሕዝብ ከላይ፣ ሊቀመንበሩ ከታች ይሄዳሉ። እኩልነት ማለት ይኼ ነው።»

«ይሁን። የድልድዩ እግር የት ያርፋል?»

«የተሰቀለው ፕላን ላይ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነው።»

«ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው እኮ የእኔ ቤት ነው።»

«አይዞዎት፣ እንዲፈርስ የተወሰነው በሙሉ ድምፅ ነው።»

«እኔም እኮ ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት።»

ትናንት አብረው ያጨበጨቡትን እጆቼን ቀስ ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።